ከመፍታት በፊት ማዳመጥ፦ ስለ ፍሪሲዮንና ካምቢዮ ድምፅ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል ያገራችን ሰው። ሞተር ግን በሽታውን አይደብቅም፤ ይጮኻል። ችግሩ ሰሚው ላይ ነው። ድምፁ ከየት እንደመጣ ሳይለይ ሞተሩ ይፈታል፣ ጤነኛው ዕቃ ይለወጣል፣ ጩኸቱም እንዳለ ይቀጥላል። በዚህ ጽሑፍ የፍሪሲዮንና የካምቢዮ ድምፅ በምን ዘዴ እንደሚለይ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ለምሳሌነት የመረጥኩት ትራያል የሚባለውን የውድድር ሞተርሳይክል ነው።

የምኖርበት የኮለምበስ ኦሃዮ አካባቢ ለሞተርሳይክል እንግዳ አይደለም። ሆንዳ በአሜሪካ የመጀመሪያ ፋብሪካውን እ.ኤ.አ. በ1979 የከፈተው እዚሁ ጎረቤታችን ሜሪስቪል ሲሆን እስከ 2009 ድረስ ሞተርሳይክል ሲያመርትበት ቆይቷል። በትራያል ውድድር ግን ፍጥነት አያሸልምም። ተወዳዳሪው ድንጋይና ግንድ የበዛበትን አጭር መንገድ እግሩን መሬት ሳያስነካ ማለፍ አለበት፤ በነካ ቁጥር ቅጣት ይቆጠርበታል። ስለዚህ ጣቱ ከፍሪሲዮን መያዣው አይለይም። ግማሽ ይዞ ግማሽ እየለቀቀ ነው የሚጓዘው። ፍሪሲዮኑ ከሌሎቹ ሞተርሳይክሎች ይልቅ የሚሠቃየውም ለዚህ ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ሞተሩ በጥርስ አማካይነት የፍሪሲዮኑን ቅርጫት ያዞራል፤ ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ቅርጫቱ አያርፍም። በውስጡ ሸራ የለበሱና ብረት ብቻ የሆኑ ዲስኮች ተፈራርቀው በዘይት ውስጥ ተደርድረዋል። ሞላው አጣብቆ ሲይዛቸው ኃይል ወደ ካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ያልፋል። መያዣውን ስንጨብጥ ዲስኮቹ ይላቀቃሉ፤ ዘንጉም ከሞተሩ ይለያል።

ምርመራው የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሞተሩን እናሙቅ፣ ዜሮ ማርሽ ላይ እናድርግ፣ ከዚያም ፍሪሲዮኑን እየጨበጥንና እየለቀቅን እናዳምጥ። ስንጨብጥ የሚጠፋ ድምፅ ከመግቢያው ዘንግ፣ ከኩሽኔታዎቹና ከጥርሶቹ፣ ወይም በዲስኮቹና በቅርጫቱ መካከል ከተፈጠረ ልቅነት ሊመጣ ይችላል። ስንጨብጥ የሚጀምር ከሆነ በቅድሚያ የሚጠረጠሩት ዲስኮቹን የሚያላቅቀው ኩሽኔታና የቅርጫቱ መቀመጫ ናቸው። ብንጨብጥም ብንለቅም የማይለወጥ ከሆነ ደግሞ ወደ ሞተሩ ራሱና ቅርጫቱን ወደሚያዞሩት ጥርሶች መዞር ይገባል።

ቀጥሎ በጉዞ ላይ ይፈተናል። በአንድ ማርሽ ብቻ የሚሰማ ድምፅ የዚያን ማርሽ ጥርሶች ይከሳል። ማርሹ በራሱ የሚወጣ ከሆነ የመቆለፊያ ጥርሶቹ መዶልዶም ወይም የማርሽ ሹካው መጣመም ይጠረጠራል። ቁልቁለት ላይ ሞተሩን አጥፍተን፣ ፍሪሲዮን ጨብጠን ስንንሸራተት የሚቀጥል ድምፅ ግን ከፍሪሲዮኑ ጋር ግንኙነት ላይኖረው ይችላል፤ ሰንሰለቱንና የጎማውን ኩሽኔታ አስቀድሞ ማየት ይበጃል። በቀዝቃዛ ጠዋት አንደኛ ማርሽ ሲገባ የሚሰማው ጓ የሚል ድምፅም አብዛኛውን ጊዜ ዲስኮቹ በወፈረ ዘይት ተጣብቀው እንጂ ብልሽት ሆኖ አይደለም።

ረጅም ካቻቢቴ ጫፉን ከሞተሩ አካል፣ እጀታውን ከጆሯችን አጠገብ ብናደርገው የሐኪም ማዳመጫን ያህል ያገለግላል። ዘይቱም ይናገራል። በማግኔቱ ላይ የተለጠፈ የላመ ግራጫ ዝቃጭ የተለመደ መበላት ነው፤ ስባሪና ስንጥር ብረት ከተገኘ ግን መፍታት ግድ ይላል። ወተት የመሰለ ዘይት ውኃ መግባቱን ያመለክታል።

ይህ የአሜሪካ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ካለ፣ ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ላይ ቤተሰብ የሚያስተዳድረውን ባጃጅ ያስብ። በውስጡ ያለው ፍሪሲዮንም በዘይት የሚሠራ ባለብዙ ዲስክ ነው። ለእርሱ ባለቤት አንድ ቀን ጋራዥ መዋል የአንድ ቀን እንጀራ ማጣት ነው። ፍሪሲዮኑ የሞተሩን ዘይት በሚጋራበት ተሽከርካሪ፣ ለመኪና የተሠራ መንሸራተትን የሚጨምር ዘይት መጠቀም ብቻውን ጤነኛውን ፍሪሲዮን እንዲከዳ ሊያደርገው ይችላል። ጃሶ ኤምኤ የሚለውን ምልክት በጣሳው ላይ አይቶ መግዛት አዲስ ሸራ ከማስገባት በጣም ይረክሳል።

ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታና ካቻቢቴ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ መጥተው የጋራዦቻችን አማርኛ ከሆኑ ቆይተዋል። ስለዚህ የዕቃ ስም አልቸገረንም። የሚያስፈልገን ጥቂት ነገር ነው፤ አንዱን ብቻ እየለወጡ ሌላውን ሳይነኩ መጠየቅ፣ የተገኘውንም መጻፍ። ውጭ አገር ተምረን ስለ ዕውቀት ሽግግር በየስብሰባው የምንናገር ሰዎች፣ እንዲህ ያለውን ምርመራ በአማርኛ በአንድ ገጽ ጽፈን ጋራዥ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ ብንልክ፣ ከብዙ ንግግራችን ይልቅ ለአንድ የባጃጅ ባለቤት ይጠቅመዋል እላለሁ።