«ተሰማ» የሚለው የቤተሰብ ስም ከየት መጣ?

በሽኩና ቫቭ ሕንጻዎች የፖስታ ሣጥኖች ላይ የአያቶቻችን ስሞች በዕብራይስጥ ፊደል ተጽፈው እናያለን። ልጆቻችን ታዲያ «ተሰማ የሚባሉት ሁሉ ዘመዳሞች ናቸው?» ብለው ይጠይቁናል። መልሱ አጭር ነው፤ አይደሉም። ምክንያቱ ግን ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል።

ተሰማ በኢትዮጵያ የአንድ ሰው ስም እንጂ የቤተሰብ ስም አልነበረም። ልመናዋ የተሰማላት እናት ለልጇ የምታወጣው ስም ነው። በኦሪት ልያ እግዚአብሔር ሰምቶኛል ስትል ልጇን ሽምዖን እንዳለችው ማለት ነው። ስሙን ቤተ እስራኤልም ክርስቲያኑም ይጠሩበታል። የልጅ ኢያሱ ሞግዚት የነበሩት ራስ ተሰማ ናደውና ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ አይዛመዱበትም። የነጋድራስ ልጅ ይድነቃቸው ተሰማ ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ። በአገራችን ልማድ የእሳቸው ልጅ «ይድነቃቸው»ን አስከትሎ ይጠራል እንጂ «ተሰማ»ን አይደለም።

የእስራኤል የስም ሕግ (1956) ደግሞ ማንኛውም ሰው የግልና የቤተሰብ ስም እንዲኖረው፣ የቤተሰቡም ስም ለልጅ እንዲተላለፍ ያዛል። በ1984 እና 1985 በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሆኖ የገባው ሕዝባችን በቅጹ ላይ ያለውን ባዶ ቦታ መሙላት ነበረበት። ብዙውን ጊዜ የተጻፈው የአያት ስም ነው፤ አንዳንዴም የአባት።

ተሰማ ካሳን ወለደ፤ ካሳም ሁለት ወንዶች ወለደ እንበል። ታላቁ በ1984 በሱዳን በኩል ብቻውን መጥቶ «ካሳ» ተባለ። ታናሹ በ1991 ከአባቱ ጋር መጥቶ «ተሰማ» ተብሎ ተመዘገበ። የአንድ እናትና አባት ልጆች ሆነው፣ የእነርሱ ልጆች በትምህርት ቤት መዝገብ ባዕድ ይመስላሉ። በአንጻሩ አንዱ ከወገራ፣ ሌላው ከሽሬ የመጡ ሁለት «ተሰማ»ዎች አንድ ቤተሰብ ይመስላሉ።

የአጻጻፉም ነገር አለ። አንዱ ጸሐፊ «ተ»ን በቴት፣ ሌላው በታቭ፤ «ማ»ን አንዱ በሄ፣ ሌላው በአሌፍ ይጽፋል። በአንድ አጻጻፍ ብቻ የሚፈልግ ተመራማሪ ከሰዎቹ ብዙዎቹን ያጣል።

የፈረንሳይን ስሞች የሚያጠኑ ሰዎች ከ1792 ጀምሮ የተያዘ የማዘጋጃ ቤት የልደትና የጋብቻ መዝገብ አላቸው። የዚያ አገር አይሁዶችም ቋሚ የቤተሰብ ስም እንዲይዙ ናፖሊዮን ያዘዘው በ1808 ነበር። በዚያ አገር አንድ ስም የበዛበት አውራጃ ብዙ ጊዜ የስሙን መነሻ ይጠቁማል። የእኛ ስሞች በቤር ሸቫ፣ በነታንያ፣ በርሖቮትና በቂርያት ማላኺ መገኘታቸው የሚነግረን ግን ቤት የተገኘበትን ቦታ እንጂ የመጣንበትን መንደር አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው የእናት ወገን ነው። በኢትዮጵያ ሴት ብታገባም በአባቷ ስም ትጠራለች፤ እዚህ ግን ብዙዎቹ በባል ስም ተመዝግበዋል፤ ወገናቸውም ከወረቀት ጠፍቷል። የቤተ እስራኤል ልማድ ደግሞ ጋብቻን እስከ ሰባት ትውልድ የሚከለክለው በአባትም በእናትም ቆጥሮ ነው። ሁለት ወጣቶች በቤተሰብ ስም ስላልተመሳሰሉ ብቻ «አንዛመድም» ቢሉ፣ የሚያርማቸው ሽማግሌ እንጂ መታወቂያ ደብተር አይደለም። የሚቆጥሩት ሽማግሌዎች ደግሞ በየዓመቱ እያነሱ ነው።

ስለዚህ የዘር ሐረግ የሚጽፍ ቤተሰብ በሁለቱም ወገን ሰባት ድረስ ስም በስም፣ ከእያንዳንዱ ስም ጎን መንደሩን፣ በቴዑዳት ዜሁት ላይ ያለውን የዕብራይስጥ አጻጻፍ፣ የነገረውን ሰውና ቀኑን ይጻፍ። እዚህ የተሰጠ የዕብራይስጥ ስም ካለም ከኢትዮጵያው አጠገብ ይቀመጥ። ሕጉ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ስሙን እንዲለውጥ ይፈቅዳል፤ የለወጠም ካለ የቀድሞው ስም በሐረጉ ላይ አይሰረዝ።