ያውቁ ኖሯል? ተባይ የማይደፍራቸው ዕፅዋት

በተረት ዓለም ጠላት የሚያባርር ዕፅ አይጠፋም፤ የአርሲ ደጋ ግን እውነተኛዎቹን አጥር ጥግ ያበቅላል።

ከሁሉ ዝነኛው እንዶድ ነው፤ በኦሮምኛ ሀንዶዴ። ፍሬው ደርቆ ሲወቀጥ አረፋ ስለሚያወጣ እናቶች ጋቢና ነጠላ ሲያጥቡበት ኖረዋል። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ፣ ልብስ ከሚታጠብበት ዝቅ ብሎ፣ የወንዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ቢልሃርዝያ ወደ ሰው የሚደርሰው በነዚሁ ቀንድ አውጣዎች በኩል ነው። ግኝቱ በ1989 እ.ኤ.አ. ለእሳቸውና ለዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አስገኘ። እውቀቱ ግን መጀመሪያውኑ የአጣቢዎቹ ሴቶች ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሰላ ዙሪያ የስንዴ አገር ነው፤ የጎተራው ጠላት ደግሞ ነቀዝ። ጤፍን ግን ነቀዝ አይደፍራትም፤ ፍሬዋ ደቃቅ ስለሆነች ለእጩ ማደሪያ አትበቃም። ብልህ ገበሬ ታዲያ በቆሎውን ወይም ማሽላውን ከጤፍ ጋር ደባልቆ ያስቀምጣል። ጤፉ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ነቀዙን መላወሻ ያሳጣዋል። ሲፈለግ በወንፊት ነፍቶ መለየት ነው፤ ሁለቱም ይበላሉ፣ መድኃኒት አልነካቸውም።

የወተት ዕቃ በወይራ ጭስ የሚታጠነውም ለሽታ ብቻ አይደለም፤ ጭሱ ወተት የሚያበላሹ ተሕዋስያንን ይቀንሳል።

ማሳሰቢያ፦ እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። እጣቢውን ወንዝ ውስጥ አይድፉ።