ልጅቷ ምናችሁ ናት?

ቡራዩ፣ አሸዋ ሜዳ። አራት ተከራይ የሚኖርበት ግቢ እንበል። አንዲት ሶሻል ወርከር ፎርሟን ደረቷ ላይ ይዛ የቆርቆሮውን በር ታንኳኳለች። የምትከፍትላት ዐሥራ ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት፤ ሕፃን አዝላለች፣ ጣቶቿ ላይ ሊጥ ደርቋል። ሰዓቱ ረፋድ አራት ሰዓት ነው፤ እኩዮቿ ክፍል ውስጥ ናቸው። የቤቱ እመቤት ነጠላዋን እያስተካከለች ከጓዳ ትወጣለች። የመጀመሪያው ጥያቄ በየቤቱ አንድ ነው።

«ልጅቷ ምናችሁ ናት?»

«የእህቴ ልጅ ናት። ከገጠር አምጥቼ እያስተማርኳት ነው።»

ግቢውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ መልሱን ግን አልፈጠርኩትም። በሰበታም በሱሉልታም በአዲስ አበባም ስንት ደጃፍ ላይ ተሰምቷል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ከዚያ መልስ በኋላ በባለሙያዋ ልብ ውስጥ የሚሆነው ነው። እሷም በአክስቷ ቤት ሕፃን አዝላ፣ ውኃ ቀድታ፣ ተምራ ለዚህ የበቃች ከሆነች በልጅቷ ውስጥ ራሷን ታያለች፤ «ጎበዝ፣ በርቺ» ብላ ልትወጣ ትችላለች። ሠራተኛ ባለበት ቤት ያደገች ከሆነች ደግሞ ያየችው የሕፃን ጉልበት ብዝበዛ ነው፤ እስክሪብቶዋን ትመዛለች። ቤቱ አንድ፣ ልጅቷ አንድ፣ ሕጉ አንድ፤ ውሳኔው ሁለት። ከሁለቱ ባለሙያዎች ግን አንዳቸውም ልጅቷን አልጠየቋትም።

እኔ ያደግሁት እንዲህ ባለ ቤት ነው። የአባቴ የዘመድ ልጅ አብራን ነበረች። እናቴ ከእኛ ለይታ አታያትም ነበር፤ ለእንቁጣጣሽ ለሁላችንም የሚገዛው ልብስ ከአንድ ጣቃ ነው። ጠዋት እሳት የምታቀጣጥለው ግን እሷ ነበረች። እኛ የቀን ተማሪዎች ስንሆን እሷ የማታ ተማሪ ነበረች። ይህ ልዩነት ለዓመታት ዓይኔ ውስጥ አልገባም። ክፋት አልነበረበትም፤ ቤታችን እንዲያ ስለነበረ ብቻ ነው። ዛሬ ፎርም ይዤ ያንን ቤት እንድመዝን ብላክ በምን ሚዛን እንደምመዝነው አስባለሁ፤ እናቴን እከሳለሁ ወይስ ያቺን ልጅ አልፌ እሄዳለሁ?

ይህ ጥያቄ በየደጃፉ የሚነሣባቸው ሦስቱ የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች በሦስት አውራ ጎዳና ላይ ተቀምጠዋል። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። መሬቱ ከእጁ ወጥቶ ከተማ የሆነበት የኦሮሞ ገበሬ፣ ከጎጃምና ከወሎ የመጣ የቀን ሠራተኛ፣ የጉራጌ ነጋዴ፣ የዶርዜ ሸማኔ፣ የአዲስ አበባን ኪራይ ሸሽቶ የወጣ ቤተሰብ፣ በአበባ እርሻና በፋብሪካ ፈረቃ የምትሠራ እናት አንድ ግቢ ውስጥ ይገናኛሉ። አራት ክፍል ባለበት ግቢ አራት አስተዳደግ ይኖራል። ሕጉም ቢሆን በአስፋልት ተከፍሏል። ለአዲስ አበባ ልጅ የሚሠራው በዐዋጅ ቁጥር 213/1992 የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ሲሆን፣ ለቡራዩ ልጅ የሚሠራው በዐዋጅ ቁጥር 69/1995 የወጣው የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ ነው። የአዲስ አበባውን ኮልፌና ቡራዩን አንድ ታክሲ ይለያቸዋል።

ከሁሉም በላይ ያለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት ማንኛውም እርምጃ ሲወሰድ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል። የሚያምር ቃል ነው። እንደ ባዶ እንስራም ነው፤ የሚሞላው የቀዳው ሰው ካመጣው ምንጭ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ የእህት ልጅ ግን ማን ቀጠራት? ኢትዮጵያ የተቀበለችው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር ደግሞ አንቀጽ 31 ላይ ልጅም ለቤተሰቡ ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። አገልግሎት የት አልቆ ብዝበዛ የት እንደሚጀምር በየትኛውም ገጽ ላይ አልተሰመረም። መስመሩን የምታሰምረው ደጃፉ ላይ የቆመችው ሴት ናት፤ የምታሰምረውም ራሷ ባደገችበት ቤት ልክ ነው።

የዚህን አገር የሕፃናት ጉዳይ የሚያሳይ አንድ ቃል ምረጥ ብባል «ጉዲፈቻ»ን እመርጣለሁ። ቃሉ የኦሮሞ ነው፤ የአማርኛው ሕግ ከዚያ ተውሶ የራሱ አድርጎታል። በኦሮሞ ባህል ጉዲፈቻ የሆነ ልጅ የአብራክ ልጅ ነው፤ ይወርሳል፣ በአባቱ ስም ይጠራል፣ የጎሳው አባል ይሆናል። በአማራው ዘንድም የጡት ልጅ አለ፣ የማደጎ ልጅ አለ። ጡት የመጥባቱ ሥርዓት ተፈጽሞ አባትና ልጅ የተባሉ ሰዎች ተካክደው ቢገኙ ነውር ነው። ሁሉም ቤት ዘመድ የሚጨመርበት ነው እንጂ የሚቀነስበት አይደለም። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ራሱ አንቀጽ 183 ላይ የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት እንደማይቋረጥ ደንግጓል።

ይህ ቃል ወደ ውጭ አገር ሲሻገር ምን እንደደረሰበት አይተናል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 ብቻ ወደ አሜሪካ የሄዱት ልጆች ከ2,500 ይበልጣሉ። መንግሥት በመጋቢት 2003 ዓ.ም. በቀን የሚያያቸውን ማመልከቻዎች ከ50 ወደ 5 አወረደ። በጥር 2010 ዓ.ም. ፓርላማው የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከሕጉ ጨርሶ አወጣው። በእነዚያ ዓመታት ወረቀት ላይ የፈረሙ እናቶችና አባቶች «ጉዲፈቻ» ሲባሉ የሰሙት አያቶቻቸው የሚያውቁትን ነው፤ ልጄ ሌላ ወላጅ ያገኛል፣ ይማራል፣ ይጽፍልኛል፣ ሲያድግ ይመጣል። በሌላኛው ወገን ያለው ሕግ የሚለው ደግሞ የቀድሞው ዝምድና ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል ነው። በአውሮፓውያኑ 2012 በዴንማርክ ቴሌቪዥን የታየው «መርሲ መርሲ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ይህንኑ አንድ ቤተሰብ ተከትሎ አሳየ፤ ወላጆቹ የልጆቻቸውን ወሬ ለመስማት በየቢሮው ሲንከራተቱ ያየ ሰው አይረሳቸውም። በመሐል የነበሩት ባለሙያዎች የእኛው ሰዎች ናቸው። ሁለቱንም ቋንቋ ያውቁ ነበር፤ ሁለቱ ትርጉሞች አንድ እንዳልሆኑ ለእናትየው ቁጭ ብሎ የማስረዳት ግዴታ ነበረባቸው። ብዙዎቹ ያንን አላደረጉም ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱ ሁልጊዜ ገንዘብ አልነበረም። ድህነትን ራሱን እንደ በደል፣ የአውሮፓን ቤት ደግሞ እንደ መዳን የማየት ልማድ በውስጣችን ተቀብሯል። «እዚህ ቀርታ ምን ትሆናለች?» የሚለው ጥያቄ እንደ ማስረጃ ተቆጠረ።

ከእንጦጦ ግርጌ ሽሮ ሜዳ አለ። እዚያ የሚሸጠውን ጥበብ የሚሠሩት አብዛኞቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ናቸው፤ የዶርዜ ሰፈር ቡራዩም ውስጥ ነበር፣ አለም። አንድ ሸማኔ የወንድሙን ልጅ አምጥቶ የሽመና ጉድጓዱ ላይ ሲያስቀምጠው ሙያ እያወረሰ ነው። እሱም በዘጠኝ ዓመቱ እንዲሁ ተቀምጧል። የአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴር በሕፃናትና በግዳጅ ጉልበት ይመረታሉ ብሎ በሚያወጣው ዝርዝር ውስጥ ግን የኢትዮጵያ የእጅ ሽመና ከገባ ቆይቷል። ደላላ ከአርባ ምንጭ ዙሪያ ልጆችን ሰብስቦ የሚያመጣበት፣ ልጆቹ ከጎሕ እስከ ሌሊት እግራቸው ታጥፎ የሚሠሩበት፣ ደመወዝ የማያዩበት ቤት እንዳለ እውነት ነው። አባት ልጁን ከትምህርት መልስ ድር ማሳለፍ የሚያስተምርበት ቤት እንዳለም እውነት ነው። ከበር ላይ ሆኖ ለሚያይ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ጉድጓድ፣ መወርወሪያ፣ ልጅ። ሽመናን ዝቅ አድርጎ ከሚያይ ማኅበረሰብ የወጣ ባለሙያ (ይህ ንቀት በአገራችን ረጅም ዕድሜ አለው) ሁለቱንም ቤት በአንድ ዓይን ይመለከታል። ከሸማኔ ቤት የወጣውም ሁለቱንም በአንድ ዓይን ያያል፤ የሱ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ልዩነቱን የሚያወጡት ትንንሽ ጥያቄዎች ናቸው። ልጁ መቼ ይተኛል? እናቱን መቼ በስልክ አነጋገረ? ቢታመም ማን ያሳክመዋል? የሸማኔው የራሱ ልጅ አሁን የት ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ከሁሉም የበለጠ ይናገራል።

ቅጣትን በተመለከተ ሕጉ ራሱ ሁለት ልብ ነው። ሕገ መንግሥቱ በትምህርት ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ የሚደረግን አካላዊ ቅጣት ይከለክላል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ደግሞ ልጅን ማንገላታትን ከቀጣ በኋላ ሕጋዊና ተመጣጣኝ ተግሣጽን ከወንጀል ያወጣዋል። «ተመጣጣኝ» ምን ያህል ነው? ቁንጥጫ? አለንጋ? ልጅን ጨርቅ አልብሶ በርበሬ ማጠን? «እኔም እንዲሁ ተቀጥቼ ነው ሰው የሆንኩት» የሚል ባለሙያ ሰምቼ አውቃለሁ፤ በቅንነት ነው የሚለው። እኔ ግን በዚህ ላይ አልለሳለስም። በርበሬ የታጠነ ልጅ ሳንባው ባህል አይለይም። ባህልን ማክበር ማለት እናትየው ለምን እንዲህ እንዳደረገች መረዳትና እሷን ሳያዋርዱ ማናገር እንጂ ጢሱን ማለፍ አይደለም።

የቋንቋው ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደ ቀላል ይታለፋል። የሦስቱ ከተሞች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ግቢዎቹ ውስጥ ግን አማርኛም፣ ጉራግኛም፣ ጋሞኛም ይነገራል። አስተርጓሚ ሆኖ የሚቀርበው በአቅራቢያ ያለው ሰው ነው፤ አከራይዋ፣ የጎረቤት ጎረምሳ፣ አንዳንዴም የምትከሰሰው አክስት ራሷ። ልጅቷ ስለ አክስቷ የምትናገረውን አክስቷ ስትተረጉም ከፎርሙ ላይ ምን ይቀራል? በመስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩና አካባቢዋ በደረሰው ግድያና መፈናቀል በርካታ ቤተሰቦች፣ ብዙዎቹ ጋሞዎች፣ ልጆቻቸውን ይዘው አዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተጠልለዋል። ከዚያ ወዲህ በሩን የምታንኳኳው ባለሙያ የማን ወገን ናት የሚል ጥያቄ ከእሷ ቀድሞ ግቢ ይገባል። የፈራች እናት «ሁሉም ደህና ነው» ትላለች፤ ፎርሙም እንደዚያው ይሞላል።

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ እንዳልሆነ ለማሳየት የኖርዌይን መዝገብ ማንሳት በቂ ነው። የሕፃናት ጥበቃው መሥሪያ ቤት የአንዲት ሶማሊያዊት ሙስሊም እናት ልጅን ወስዶ ለክርስቲያን ቤተሰብ ሰጠ። እናትየው ልጄ ቢያንስ ሶማሌ ወይም ሙስሊም ቤት ይደግ ብላ ጠየቀች፤ በኋላ ልጁን በጉዲፈቻ መውሰዳቸው ጸደቀ። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ታላቁ ችሎት በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የእናትየው የቤተሰብ ሕይወት መብት ተጥሷል ሲል ፈረደ። እነዚያ ባለሙያዎች በደንብ የተማሩ፣ ብዙ በጀት ያላቸው፣ ተቆጣጣሪ ያላቸው ነበሩ። አሜሪካም በ1978 (እ.አ.አ.) የነባር ሕዝቦቿን ልጆች ከቤታቸው መውሰድን የሚገድብ ሕግ ያወጣችው ስንት ሺህ ልጅ ከተወሰደ በኋላ ነው። የነባሮቹ ቤት በአያትና በአጎት የሚሞላ ነበር፤ ከከተማ የመጡት ባለሙያዎች ግን ልጅ ከአያት ጋር ሲያዩ «ተጥሏል» ብለው ጻፉ። በእኛ ቤት አያት ዘንድ ያላደገ ማን አለ?

ወደ ራሳችን ባለሙያዎች ስንመለስ፣ በኢትዮጵያ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት የተከፈተው እንደ አውሮፓውያኑ በ1959 ነበር፤ በደርግ ዘመን ተዘግቶ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተመለሰው በ2004 ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል ይህ ሙያ በአገሩ ላይ ማስተማሪያ አልነበረውም። ክፍተቱን የሞሉት እድሮች፣ ገዳማት፣ ሽማግሌዎችና እንደ አበበች ጎበና ያሉ ሰዎች ናቸው፤ አበበች በድርቁ ዘመን ከግሸን ማርያም ጉዞ ሲመለሱ ከወሎ ልጆችን ይዘው መጥተው ትዳራቸውን እስከ ማጣት ደረሱ። ማንም ፎርም አልሰጣቸውም። ዛሬ ፎርም አለ፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የአማራጭ ክብካቤ መመሪያም ልጅን ከቤተሰቡና ከማኅበረሰቡ ማስቀረትን ያስቀድማል፤ ማሳደጊያ ማስገባት የመጨረሻው ነው። ፎርሙ ውስጥ የጎደለው አንድ ዓምድ ነው እላለሁ፤ «ያየሁት» ከ«ያሰብኩት» ተለይቶ የሚጻፍበት። ሕፃን አዝላለች፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ቤት ናት፤ ያየሁት ይህ ነው። ሠራተኛ ናት፤ ያሰብኩት ነው። የእህት ልጅ ናት፤ የተነገረኝ ነው። እነዚህ ሦስቱ አንድ መስመር ላይ ሲደባለቁ የባለሙያዋ አስተዳደግ እውነት ሆኖ ማኅተም ይመታበታል። ሁለት ባለሙያ፣ ከሁለት የተለያየ አስተዳደግ የወጡ፣ ያንኑ ቤት በሁለት ቀን ቢጎበኙ ደግሞ የተሻለ ነው። የታክሲ ሂሳብ ለሌላት የወረዳ ሠራተኛ ይህን ማለት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ይጠየቅ።

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 በጥቅምት 2000 ዓ.ም. የሰጠው ፍርድ በየሴቶችና ሕፃናት ቢሮው ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ደስ ይለኛል። እናቱ የሞተችበትን ልጅ ያሳደገችው አክስቱ ናት። አባት መጥቶ ልጄን አለ። የሥር ፍርድ ቤቶች ሕጉን አነበቡ፤ ከወላጆች አንዱ ሲሞት ሞግዚቱ በሕይወት ያለው ወላጅ ነው፤ ለአባት ፈረዱ። ደሙ የአባት ነው፣ ባህሉም «ልጅ ያባቱ ነው» ይላል። ሰበር ችሎቱ ግን ይህ ልጅ በማን እጅ አድጓል፣ የሚጠቅመው የትኛው ነው ብሎ ጠየቀ፤ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንንና አንቀጽ 36ን ጠቅሶ ለአክስቱ ወሰነ። የሰበር ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፤ የሰበታውንም፣ የሱሉልታውንም ጭምር።

አሸዋ ሜዳ ግቢ ውስጥ ያለችዋም ሴት አክስት ናት። እሷ የዚያችኛዋ ዓይነት አክስት ትሁን አትሁን ከደጃፍ አይታወቅም። ሕፃኑ ከልጅቷ ጀርባ ይውረድ፤ ልጅቷ እጇን ትታጠብ፤ ባለሙያዋም ጥላ ሥር አብራት ትቀመጥና፣ ልጅቷ በምታልምበት ቋንቋ፣ አክስቷ በሌለችበት ትጠይቃት።

«እነሱ ምንሽ ናቸው?»