የጡረተኛው መድኃኒት በማን ወጪ?

የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት እንደ ወር አስቤዛ ነው፤ የዚህን ወር ልዝለለው አይባልም። የቲቢና የኤችአይቪ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል፤ የግፊትና የስኳሩ ግን በገንዘብ ነው። በአሰላም ሆነ በበቆጂ የሚኖር ጡረታ የወጣ መምህር አበሉ በየወሩ ያው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ግን ከውጭ የሚገባው ሁሉ ሌላ ዋጋ አውጥቷል።

ሕጉ ጡረተኛውን አልረሳውም። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 አባል አድርጎታል። ደንብ ቁጥር 271/2005 ደግሞ ከአበሉ 1 በመቶ እንዲያዋጣ፣ መንግሥት ሌላ 1 በመቶ እንዲጨምርለት ደንግጓል። 4,000 ብር አበል ያለው ሰው 40 ብር ብቻ ይከፍላል ማለት ነው። በሥራ ላይ ያለው ሠራተኛ 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ እንዲከፍሉ ተደንግጎ ነበር። ሠራተኛው ከደመወዙ መቆረጡን አልወደደውም፤ ትግበራውም ከዓመት ዓመት ሲንከባለል ኖረ። በእኔ እይታ የዚህ መጓተት ዋና ተጎጂ ጥቂት የሚያዋጣውና ብዙ የሚታመመው ጡረተኛ ነው።

በእጅ ያለው አማራጭ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር የታሰበው ለገበሬውና ቋሚ ደመወዝ ለሌለው ነበር። ስለዚህ ጡረተኛ ይመዘገብ እንደሆነ ቀበሌውን መጠየቅ ግድ ነው።

የመድኑ መታወቂያ ከተገኘ በኋላ ደግሞ የመድኃኒት መደርደሪያው ጉዳይ አለ። ሆስፒታሎች በዋናነት ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ይገዛሉ፤ ከሽያጩ ባገኙት ገንዘብ መልሰው ይገዛሉ። መድኑ የታካሚዎቹን ሒሳብ ሲያዘገይ መግዣው ይደርቃል። መስኮቱ ላይ ያለችው ፋርማሲስት ማዘዣውን ታየውና፣ «አባባ፣ ሁለተኛው የለም፤ ከውጭ ይግዙ» ትላለች። ከዚያ በኋላ ጥሬ ገንዘብ ነው። ውል ከገባ መድኃኒት ቤት የሚያስወስድ ወይም በደረሰኝ የሚመልስ ወረዳ ካለ ዕድል ነው።

እንግዲህ ጡረተኞች ሆይ፣ ሐኪሙን በጀነሪክ ስም እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ፤ የማኅበራዊ ጤና መድኑ ደንብም የሚሸፍነው በመድኑ ዝርዝር ውስጥ ያለውን ጀነሪክ ነው። ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳታጽፉ ሆስፒታል አትሂዱ። «የለም» ስትባሉ ማዘዣው ላይ አስጽፉና ማኅተም አስመቱ፤ ደረሰኙንም አትጣሉ። መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ ግን በደንቡም አይሸፈኑም።