ከከሰረ የኢንተርኔት ድለላ እንዴት ይወጣል?

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ያሳተመውን ውል ይዞ ቤቴ መጣ፡፡ «ጋሼ፣ ልከሳቸው ነው» አለኝ፡፡ ሊከስ ያሰበው ዕቃውን በኢንተርኔት ሲያስተዋውቅለት የከረመውን አንድ የውጭ አገር ድርጅት ነው፡፡ ሥራው «አፊሊየት ማርኬቲንግ» ይባላል፡፡ ነገሩ ከእኛው ድለላ ብዙም አይርቅም፡፡ አስተዋዋቂው ለእርሱ ብቻ የተሰጠውን ሊንክ ያሰራጫል፤ በዚያ ገብቶ የገዛ ሰው ሲገኝ ኮሚሽን ይታሰብለታል፡፡ ካልተሸጠ ድካሙም ወጪውም የራሱ ነው፡፡

ውሉን አነበብኩት፤ የሚያስከስስ ነገር አጣሁበት፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ መሆኑን ይደነግጋል፡፡ ይህ ውል የሚዳኘው በውጭ አገር ሕግ ቢሆንም መርሁ ያው ነው፡፡ «ተስማምቻለሁ» የምትለዋን ቁልፍ መጫን መፈረም ነው፡፡

ስለዚህ ክሱን ትተን ሒሳብ ያዝን፡፡ ልጁ ለማስታወቂያ 200 ዶላር አውጥቷል፡፡ አንድ ሰው ሊንኩን በተጫነ ቁጥር 20 ሴንት ስለሚከፍል 1,000 ሰው ገብቶለታል፡፡ ከእነዚህ 10ሩ የ30 ዶላር ዕቃ ገዙ፡፡ ኮሚሽኑ 5 በመቶ ነውና ከአንድ ገዢ የሚደርሰው 1 ዶላር ከ50 ሴንት፣ በድምሩ 15 ዶላር ነው፡፡ 185 ዶላር ከስሯል ማለት ነው፡፡ ወጪውን ለመመለስ ብቻ 134 ሰዎች መግዛት ነበረባቸው፡፡ እንግዲህ ሥራው ገና ሳይጀመር የከሰረ ነበር፡፡

ልጁ ግን የመጣው ለክስ ብቻ አልነበረም፡፡ «የጠፋውን እንድመልስ ሌላ 200 ዶላር አበድረኝ» አለኝ፡፡ እምቢ አልኩት፡፡ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፤ በዚያው ሒሳብ የሚጨመር ገንዘብ ኪሳራውን እጥፍ ያደርገዋል እንጂ አይመልሰውም፡፡

ከዚህ ዓይነት ኪሳራ ለመውጣት መጀመሪያ የሚከፈልበትን ማስታወቂያ በዕለቱ ማቆም ነው፡፡ ቀጥሎ ጉድለቱ የቱ ላይ እንደሆነ መለየት ይገባል፡፡ ሊንኩን የሚጫን ከጠፋ ችግሩ ማስታወቂያው ወይም የታየበት ቦታ ነው፡፡ ገብተው ሳይገዙ ከወጡ ዕቃውን፣ ዋጋውንና ማጓጓዣውን መመርመር ነው፡፡ ተገዝቶም ትርፍ ከሌለ ኮሚሽኑ ከወጪው ጋር አይመጣጠንም፡፡

ሦስተኛው ውሉን እንደገና ማንበብ ነው፡፡ ድርጅቱ ኮሚሽኑን በራሱ ፈቃድ መቀነስ ይችላል? ዕቃው ሲመለስ ኮሚሽኑ ይሰረዛል? ለምሳሌ አማዞን በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. የቤት ዕቃ ኮሚሽንን ከ8 ወደ 3 በመቶ አውርዷል፡፡ በዚያ አንድ ገቢ ላይ የተንጠለጠሉ ብዙዎች ተጎድተዋል፡፡

የመጨረሻው የሰው አመኔታ ነው፡፡ ልጁ ያልሞከረውን ዕቃ «ግሩም ነው» እያለ ለወዳጆቹ ልኳል፤ ኮሚሽን እንደሚያገኝም አልነገራቸውም፡፡ በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2009 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው መመሪያ እንዲህ ያለው ጥቅም እንዲገለጽ ይጠይቃል፡፡ ሕግ ባያስገድድም ይሉኝታ ያስገድዳል፡፡ ገንዘብ በሥራ ይተካል፤ «ለጥቅሙ ሲል ሸወደን» ያለ ወዳጅ ግን በቀላሉ አይመለስም፡፡

ልጁ ዳግም ሲጀምር የተጠቀመበትን አንድ ዕቃ ብቻ ይዞ፣ ማስታወቂያ ሳይገዛ፣ እንከኑንም ጭምር እየጻፈ እንዲሆን ተስማምተናል፡፡ ውሉን ጠረጴዛዬ ላይ ትቶልኝ ሄደ፤ የሒሳቡን ወረቀት ግን ወስዷል፡፡