ፓወር መጨመር ሁልጊዜ አይረዳም
ከአዲስ አበባ እስከ አርባ ምንጭ በመኪና ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በፋይበር የሚጓዝ ብርሃን ግን በ100 ኪሎ ሜትር ብቻ ወደ አንድ መቶኛ ገደማ ይወርዳል። ለዚህ ነው ኤርቢየም የተባለ ንጥረ ነገር የተጨመረበት የፋይበር ማጉያ የሚያስፈልገው፤ የ980 ናኖሜትር ሌዘር ኤርቢየሙን ያነቃዋል፣ እሱም በ1550 ናኖሜትር አካባቢ የሚያልፈውን ሲግናል ያጎላል።

ታዲያ የሲግናሉን ፓወር ለምን ዝም ብለን አንጨምርም? ብርሃን ሲበረታ ፋይበሩ የተሠራበት መስታወት ባሕርይ ራሱ ይለወጣል። በአንድ ፋይበር አብረው የሚጓዙ ቻናሎች፣ ማለትም የተለያየ ፍሪኩዌንሲ ያላቸው ሲግናሎች፣ ተቀላቅለው አዲስ ሞገድ ይወልዳሉ፤ በእኩል የፍሪኩዌንሲ ልዩነት ከተደረደሩ ደግሞ አዲሱ ሞገድ በቀጥታ ጎረቤት ቻናል ላይ ያርፋል። የእያንዳንዱን ቻናል ፓወር እጥፍ ብታደርጉ ይህ ረብሻ 8 እጥፍ ያድጋል! የሚበረታውም ከማጉያው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ኪሎ ሜትሮች ነው።

መስመር የምትዘረጉ ወጣት መሐንዲሶች፦ የሲግናልና የኖይዝ ሬሾው ተሻሽሎ የቢት ስህተቱ ከበዛ፣ ፓወሩን ቀንሱ።