የእማዬ ወገብና የላንድክሩዘሩ አሞርዛተር

ልጄ ባለፈው ዓመት ለላንድክሩዘሩ አራት አዲስ አሞርዛተር ገዝቶ ሲያስገጥም አጠገቡ ቆሜ ነበር። ከውጭ የመጡ ናቸው፤ ከጎናቸው ትንሽ ተጨማሪ ጣሳ አላቸው፣ ጣሳዋ ጫፍ ላይ ደግሞ በእጅ የምትዞር፣ ቀጭ ቀጭ የምትል ማስተካከያ አለች። መካኒኩ «ለእኛ አገር መንገድ ጠንካራው ነው የሚሻለው» አለና አራቱንም እስከ መጨረሻው አጠበቃቸው። እኔም ስለ መኪና ምን አውቃለሁ ብዬ ዝም አልኩ።

ጥር ላይ ለዘመድ ሠርግ ከጎባ ወደ ደሎ መና ወረድን። መንገዱ የሳነቴን አምባ ከ4000 ሜትር በላይ ተሻግሮ፣ በሪራ አድርጎ ወደ ሐረና ጫካ ቁልቁል ይወርዳል። እናቴ 84 ዓመቷ ነው። ሰፋ ብሏት ትቀመጥ ብለን የኋላውን ወንበር ሰጠናት፤ ልክ ከኋለኛው ጎማ በላይ ማለት ነው። ቁልቁለቱ ላይ አንድ ጉድጓድ ገባን። ይህን ያህል ትልቅ አልነበረም፤ እኛ ከፊት ያለነው ሳቅ ብለን አለፍነው። እማዬ ግን «ወገቤን!» ብላ ጮኸች። በሦስተኛው ቀን አልጋ ላይ መገላበጥ አቃታት። ራጅ ስትነሣ ከወገቧ አጥንቶች አንዱ ከፊት በኩል ተጨፍልቆ እንደ ሽብልቅ ሆኖ ታየ።

አጥንቱ በዕድሜ የሳሳ ሰው እንዲህ ለመጎዳት የግድ መውደቅ የለበትም። ቁጭ ባለበት አንዴ መነረት ሊበቃው ይችላል። ይህንን ለስንት በሽተኛ አስረድቻለሁ፤ የገዛ እናቴን ግን ከኋላ አስቀመጥኳት። ስለዚህ ጥፋቱን ለመካኒኩ ብቻ አልተውኩትም።

ከዚያ በኋላ ነው አሞርዛተር ምን እንደሚሠራ ልጄን ቁጭ አድርጌ የጠየቅሁት። የመኪናውን ክብደት የሚሸከሙት ሞላውና ባሌስትራው ናቸው። አሞርዛተሩ ጭነት አይሸከምም፤ ሥራው የሞላውን መንጠር ማብረድ ነው። ውስጡ ዘይት አለ፤ ጎማው ድንጋይ ላይ ሲወጣ ዘንጉ ወደ ውስጥ ይገባና ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳ ያሳልፈዋል። እኔ የገባኝ በመርፌ ነው። ወፍራም መድኃኒት በቀጭን መርፌ ስትሰጡ፣ ቀስ ብላችሁ ከገፋችሁ ይሄዳል፤ በኃይል ከገፋችሁ እምቢ ይላል። የልጄ ማስተካከያ የምታጠብበውና የምታሰፋው ዘንጉ ሲጨመቅ ዘይቱ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ነው። ሲመለስ የሚገታው ሌላ መንገድ ነው፤ በአንዳንዱ አሞርዛተር ላይ ለእሱም የራሱ ማስተካከያ አለው።

እስከ መጨረሻው ሲጠብቅ የድንጋዩ ምት ሳይበርድ ወንበሩ ድረስ ይመጣል። የተቀመጠ ሰው አካል፣ በተለይ አከርካሪው፣ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ በሚመላለስ የላይና ታች ንዝረት ነው።

ልጄ ይህን ሲሰማ ደንግጦ አራቱንም እስከ መጨረሻው ፈታቸው! በሚቀጥለው ቅዳሜ የስድስት ዓመቱ የልጅ ልጄ ሁለት ጊዜ አስመለሰ። ያሳመመው የመኪናው ቀስ ያለ መወዛወዝ፣ በየኩርባው መጋደልና ፍሬን ሲያዝ በአፍንጫው መደፋት ነው። መለስተኛ ጉድጓድ ላይ ደግሞ መኪናው እስከ ማቆሚያ ጎማው ሰምጦ ጓ አለ፤ ያም ለአሮጊት ወገብ ያው ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ቦታ መሐል ላይ የሆነ ቦታ ነው፤ የት እንደሆነ የሚናገረው መንገዱና ጭነቱ ነው።

እኛ ያደረግነው ይህን ነው። መጀመሪያ የጎማውን ንፋስ፣ መኪናው ሳይሞቅ በጠዋት፣ በበሩ ጠርዝ ላይ በተጻፈው መሠረት ለካን። በንፋስ የተወጠረ ጎማ ይዞ አሞርዛተር ማስተካከል ትርፉ ድካም ነው። ከዚያ ማስተካከያዋን እስክትቆም ድረስ በለስላሳው አጠበቅናትና፣ ከዚያ ተነሥተን እየቆጠርን ወደ መሐል ፈታናት። ስትቆም ማስገደድ ክልክል ነው፤ ውስጧ ያለው ክፍል ይበላሻል። የግራና የቀኙ ቁጥር ሁልጊዜ እኩል ይሁን፤ የፊትና የኋላው ግን ሊለያይ ይችላል። ከዚያ አንድ የታወቀ ኮረኮንች መርጠን፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት፣ ሁለት ሁለት ቀጭ እየለወጥን ተመላለስን። ልጄ ይነዳል፣ እኔ ከኋላ ተቀምጬ እጽፋለሁ። የበሽተኛ ቻርት እንደ መሙላት ነው፤ በአንድ ጊዜ ሁለት መድኃኒት ከለወጣችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

የአንዳንዱ አሞርዛተር መጨመቂያ ማስተካከያ ሁለት ነው፤ አንዱ «ለዝግታ»፣ አንዱ «ለፍጥነት»። ፍጥነቱ የዘንጉ እንጂ የመኪናው አይደለም። የኩርባ መጋደልና የፍሬን መደፋት የዝግታው ነው፤ የድንጋይና የጉድጓድ ድንገተኛ ምት የፍጥነቱ ነው። ሁለቱ ካሏችሁ ልጅ ሲያስመልስ የዝግታውን ጠበቅ፣ አሮጊት ሲነርት የፍጥነቱን ላላ ማድረግ ትችላላችሁ። የልጄ አንድ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ማስማማት ነበረብን።

መኪናው ሻንጣና ሰው ሲጫንበት ከኋላ ከተቀመጠ፣ መፍትሔው ማስተካከያዋን ማጥበቅ አይደለም። ያ የሞላው ወይም የባሌስትራው ጉዳይ ነው፤ ወይም ጭነቱን መቀነስ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ስለ ጥገናው ከመካኒክ በፊት ያስተማረኝ በ1980ዎቹ ለክትባት ስንወጣ የሚነዳን ሾፌር ነው፤ ጋሼ እለው ነበር። እንደ ቆርቆሮ የተሸበሸበ ፒስታ ላይ ረጅም ሰዓት ከነዳ በኋላ ቆሞ፣ የክትባቱን ሳጥን እንዳይ ይልከኝና እሱ ከመኪናው ሥር ይጎነበሳል። እጁን ወደ እያንዳንዱ አሞርዛተር ያስጠጋል። ሦስቱ ሞቀው አንዱ ከቀዘቀዘ፣ የሞተው የቀዘቀዘው ነው። የሚሠራ አሞርዛተር የመንገዱን ንቅናቄ ወደ ሙቀት ስለሚለውጥ ይሞቃል። እኛ ትኩሳት ያለበትን እንፈልጋለን፤ እሱ ትኩሳት የሌለውን። በቀጥታ መጨበጥ ግን አይገባም፤ ያቃጥላል። ሁሉም በጣም ከጋሉ ዘይቱ እየቀጠነና አረፋ እየያዘ ስለሚሄድ መኪናው መንጠር ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ቆሞ ማሳረፍ እንጂ ማጥበቅ አይረዳም።

ከጭቃ መንገድ ስትመለሱ ዘንጉን በውኃ እጠቡት። በዘንጉ ላይ የደረቀ ጭቃ የዘይት ማገጃ ጎማውን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ላዩ ላይ ስስ የዘይት ወዝና አቧራ ቢታይ አያስደነግጥም፤ ሲንጠባጠብና ወደ ታች መሥመር ሲሠራ ግን አብቅቷል፤ ከተቀየረም የአንዱ መሥመር ግራና ቀኝ አብረው ይቀየሩ። ላይና ታች የሚያስሩትን ጎሚኒዎች ጨምራችሁ እዩ፤ «አሞርዛተሩ አለቀ» የተባለው ኳኳታ አንዳንዴ የእነሱ ነው። ማስተካከያዋንም በየጥቂት ወሩ ከዳር እስከ ዳር አዙራችሁ ወደ ቁጥሯ መልሷት፤ ሳትነካ ከቆየች በአቧራና በዝገት ትነክሳለች። ተጨማሪዋን ጣሳ ግን ቤት ውስጥ እንዳትከፍቷት። ውስጧ በከፍተኛ ግፊት የታመቀ ናይትሮጅን ጋዝ አለ።

አረጋዊ ይዛችሁ ስትሄዱ ከፊት ወይም ከሁለቱ ጎማዎች መሐል አስቀምጧቸው። ከነረተ በኋላ የወገብ ሕመሙ ተኝተውም ካልተዋቸው ራጅ ይነሡ። እግር መደንዘዝ ወይም ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ከመጣ ግን ለነገ አይባልም፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት።

እማዬ ከሦስት ወር በኋላ ያለ ምርኩዝ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ጀመረች፤ ቁመቷ ግን ትንሽ አጥሯል። የመኪናው ደብተር ዳሽቦርዱ ውስጥ ነው። የመጨረሻው ገጽ ላይ በእኔ እጅ ጽሑፍ «ፊት 8፣ ኋላ 11፣ እማዬ ከፊት፣ ልጁ አላስመለሰም» ይላል። ከሥሩ ልጄ «ሻንጣ ከሌለ ኋላ 13» ብሎ ጨምሮበታል።